የትኛው ግድ የለም?

ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 6

ለተከበሩ አክስቴ ለፉሳኤ፤

እዚያ የቼሪው አበባ በነፋስ እየረገፈ ይሆናል፤ እዚህ ደግሞ ቅጠሉ ገና መቅላት ጀመረ። ወቅቱ ተገላቢጦሽ ቢሆንም ናፍቆቱ አንድ ነው። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ? አማትዎ እማማ ቶሜስ እንዴት ናቸው? እኔ በጣም፣ በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ከኦሳካ ደውላ ስለ እርስዎ ስታወራኝ ሆዴ ባባ። «አጎትሽ ከሞተ ወዲህ እህቴ ከአማቷ አልጋ ሥር አልተነሳችም፤ ድምጿም አላማረኝ» አለችኝ። ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ ስልኩ ያለው እማማ ቶሜ ራስጌ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሲጠሯቸው ባይሰሙም ለወሬ ሲሆን ጆሯቸው የተከፈተ ነው ተባልኩ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ሥራዬን እማዬ «ሰው ታስቃለች» ብላ ነግራዎት ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። እዚህ ላሉ የአገራችን ሰዎች ቀናቸውን በብሩህ ዓይን እንዲያዩ የሚረዳ የየዕለት ልምምድ አስተምራለሁ፤ በኢንተርኔት የምጽፈውን የሚከታተሉም ብዙ ናቸው። ለእርስዎ ቀላል ቀላሉን ልላክልዎ። ጠዋት ፊትዎን ከመታጠብዎ በፊት መስታወት ፊት ቆመው ፈገግ ይበሉ። ደስ ባይልዎትም ይበሉ፤ ፊት ከሳቀ ልብ ተከትሎ ይመጣል። ማታ ደግሞ ከዋሉበት ቀን ውስጥ ሦስት መልካም ነገሮች ፈልገው ያግኙ። «ግን» የምትለዋን ቃል ከአፍዎ ያስወጧት፤ ደስታን የምታፈርሰው እሷ ናት።

ለእኔም ሲጽፉልኝ መልካም መልካሙን ብቻ ይጻፉልኝ። ይህም ራሱ ልምምድ ነው።

የአያቶቻችን ጥላ አይለይዎ።

የእህትዎ ልጅ ናጊሳ


ኪታኒ መንደር፣ ሜይ 4

ለእህቴ ልጅ ለናጊሳ፤

የሩዙ ማሳ ውሃ ከገባለት ወዲህ እንቁራሪቱ ሲንጫጫ ያድራል፤ ተራራውም ጠዋት ጠዋት ጉሙን ተከናንቦ ይነሳል። በሰው አገር ብርድ እንዳይመታሽ ሆድሽን ሸፍነሽ ተኚ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እንደምታውቂው የታዘዝኩትን የምሠራ ሰው ነኝና በማግስቱ ጀመርኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ጥርሴን ሳሳይ እማማ ቶሜ በተከፈተው በር አዩኝ።

«ምነው፣ ጥርስሽን ነው የሚያምሽ?»

«አይ እማማ፣ ደስ እያለኝ ነው።»

«በጠዋቱ? ማን ሞተ?»

ያው ታውቂያቸዋለሽ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እግራቸው ተኛ እንጂ ምላሳቸው አልተኛም። ከከተማ ትመጣ የነበረችውን ረዳት «የባዳ እጅ አይነካኝም» ብለው ሾርባውን ስለደፉባት ቀርታለች። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ነን፤ በቤቱ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ላይ ደግሞ የባለቤቴ ፎቶግራፍ። አውቶቡሱም ተሳፋሪ የለም ተብሎ ስለቀረ ፀጥታው ግሩም ነው። ይኼ አንድ መልካም ነገር ይሁን። ሁለተኛው፣ ከቤቱ ጀርባ የቀርከሃ ቡቃያ በቅሎ፣ ቆፍሬ አውጥቼ ቀቅለን በላን። እማማ ቶሜ «ጨው በዝቶበታል» እያሉ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ሦስተኛው ይኼ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ሂሳዮን ታስታውሻታለሽ? ልጅ ሆነሽ ስትመጪ ጉንጭሽን እየቆነጠጠች የምታስለቅስሽ። እሷ ሃጊ፣ ባሕሩ ዳር፣ በሣጥን የተቋጠረ ምሳ የምትሸጥበት ሱቅ ከፍታለች። «አንቺ የምትቀቅዪው አትክልት ያስፈልገኛል። ከሱቁ በላይ ባሕር የሚያሳይ ክፍል አለ። እስከ አዲሱ ዓመት ለማንም አልሰጠውም፤ ነይ» ብላ ጻፈችልኝ። እንዲህ የሚያስታውስ ጓደኛ ማግኘት መልካም ነገር ነው። ባሕር ካየሁ ቆይቻለሁ።

አንቺ ምን ትያለሽ?

አክስትሽ ፉሳኤ


ኦክላንድ፣ ጁን 1

ለተከበሩ አክስቴ፤

እዚህ ብርዱ ገባ፤ እርስዎ ጋ ደግሞ የዝናቡ ወር ደጅ ላይ ነው። ሻጋታ ከሰሌንዎ፣ ጭንቀት ከልብዎ ይራቅ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤ ቅቤ ጠጣ! አውቶቡስ ሲቀር ፀጥታውን ማየት! ይህን ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው፤ ዓይኗን የጠረገች ሁሉ ነበረች። ስምዎን አልጠቀስኩም፤ «በተራራ መንደር ያለችው አክስቴ» ብቻ ነው ያልኩት። አሁን ሁሉም «አክስትሽ ዛሬ ምን አለች?» እያሉ ይጠይቁኛል። እርስዎ ሳያውቁት እዚህ ታዋቂ ሆነዋል።

የሂሳዮ ነገርም ደስ ይላል። ሰው ግን (ይቅርታ፣ «ግን» አይባልም!) ሰው ቦታ በመለወጥ ደስታ አያገኝም። ደስታውን ያለበት ቦታ ሆኖ ካላገኘው ባሕር ዳርም ቢሄድ ያው ነው። እርስዎ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እማዬ ወቅሳኝ ነው። ለዋርሳዎ ለካዙማሳ ልጻፍለት እንዴ? የገዛ እናቱ ናቸው። ኦካያማ ተቀምጦ በበዓል በበዓል ከረሜላ ይዞ ከሚመጣ፣ እሱስ ቢሆን ተራውን ወስዶ ቢያስታምማቸው ምናለበት? ልጻፍ ካሉኝ እጽፍለታለሁ።

በሦስቱ ይበርቱ።

ናጊሳ


ኪታኒ፣ ጁን 29

ለናጊሳ፤

ዝናቡ ማቆሚያ የለውም። ልብሱን ቤት ውስጥ ሰቅለን በመሃሉ እየተጎነበስን እናልፋለን። እዚያ ሰማዩ ይጥራልሽ።

ተማሪዎችሽ በእኔ ማልቀሳቸው አስደነገጠኝ። ለምሳሌነት የምበቃ ሰው አይደለሁም። ካስደሰታቸው ይሁን።

ለካዙማሳ ልጻፍለት ወይ ላልሽኝ፣ ግድ የለም። እሱ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቤቱም ምድር ላይ ሰፊ ክፍል አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደረጃ የለውም፣ መታጠቢያውም አጠገቡ ነው አሉ። ሚስቱም ቀድሞ ነርስ ነበረች። ይህን የምጽፍልሽ እንዲያው ለወሬ ነው።

የዛሬው መልካም ነገር ከመታጠቢያ ቤት የተገኘ ነው። እማማ ቶሜን ከገንዳው ሳወጣቸው ወገቤ ቋ አለ። እሳቸውን እንደምንም አስቀምጬ እኔ ቀና ማለት ስላቃተኝ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ከዚያ ጣሪያውን አየሁት። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ቤት ስኖር የጣሪያው እንጨት እንዲህ ያማረ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። የድሮ አናጢዎች እጃቸው ይባረክ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ እንጨት እያየሁ ተኝቻለሁ፣ እማማ ቶሜ በፎጣ ተጠቅልለው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ሁለታችንም ከወደቅን ማን ያነሳናል?» አሉኝ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ሳቅኩ።

ሌሎቹን ሁለት መልካም ነገሮች ቀና ብዬ መቀመጥ ስችል እጽፍልሻለሁ። ሂሳዮ ፖስት ካርድ ላከችልኝ፤ ባሕሩ ሰማያዊ ነው።

ፉሳኤ


ኦክላንድ፣ ኦገስት 2

ለተከበሩና ለምኮራብዎ አክስቴ፤

ዛፍ ላይ ሆኖ የሚጮኸው ሲካዳ ጆሮ ሳይበጥሳችሁ አልቀረም። ሙቀቱ እንዳይጎዳዎ የገብስ ሻይዎን አብዝተው ይጠጡ፤ የአጎቴም ነፍስ ለሙት ዓመቱ ጸሎት በሰላም መጥታ በሰላም ትመለስ።

«ግድ የለም» የሚለው ቃልዎ አጥንቴ ውስጥ ገባ። እኔ ልርዳዎ ብዬ ስነሳ፣ እርስዎ «ግድ የለም» ብለው በሁለት ቃል መለሱኝ! ሸክሙን በፈቃዱ የተሸከመ ሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለካዙማሳ አልጻፍኩለትም።

ስለ ጣሪያው የጻፉትን በኢንተርኔት አወጣሁት። ብዙ ሰው ተቀባበለው። የሚገርመው ካዙማሳም ያነበው ነበር፤ መልእክት ላከልኝ። «ኪታኒ አጠገብ ባለው ከተማ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ክፍል ተለቋል ብለው ደውለውልኝ እትዬን ላማክር ስል ነበር። ጽሑፍሽን ሳነብ የሁለቱን ደስታ ማፍረስ መሰለኝ፤ ለሌላ ስጡት አልኳቸው። እናቴ በጥሩ እጅ ላይ ናት» ይላል። አዩ አይደል፣ አንድ ሰው በጎ በጎውን ሲያይ ዙሪያው ያሉት ሁሉ ያርፋሉ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ጠዋት መስታወቱ ፊት ፈገግ ብለው። ፊትዎ ባይታይም ከጎን ይሁን።

ናጊሳዎ


ኪታኒ፣ ሴፕቴምበር 30

ለናጊሳ፤

ሩዙ ታጭዶ አለቀ። መቃብሩ ዳር ቀዩ የሙታን አበባ ፈክቷል። አንቺ ጋ መሞቅ ጀምሮ ይሆናል።

በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። የደብዳቤ ወረቀት አልቆብኝ ነበር። ወረቀት የሚሸጠው አውቶቡሱ ይሄድበት በነበረው በኩል ነው።

የሙት ዓመቱ ጸሎት በሰላም አለፈ። ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ መነኩሴው ጸሎቱን ጨርሰው ሻይ ሲቀርብ ካዙማሳ ስልኩን አወጣና የጻፍሽውን ጮክ ብሎ አነበበ። ቀርከሃውን፣ አውቶቡሱን፣ ጣሪያውን። ሲጨርስ አጨበጨቡ፤ መነኩሴውም ሳይቀሩ። «እንዲህ ያለች ምራት ዛሬ ከየት ይገኛል!» አለች የካዙማሳ ሚስት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ካዙማሳ ግንባሩ ሰሌኑን እስኪነካ አጎነበሰልኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ። ፊቴ አሁን እኔን አይጠብቅም፤ በራሱ ነው የሚሠራው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ቶሜ ጠሩኝ።

«ልጄ ያነበባት ሴትዮ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አላውቃትም» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መልካም ነገር ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት። ሩዙ ጥሩ ነው። ወገቤ ለመጎንበስ አስቸገረኝ እንጂ ቀጥ ብዬ መቆም እችላለሁ።

ፎቶግራፉን ተይኝ። በምትኩ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጁን «ግድ የለም» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብቢላትና ምን ማለቴ እንደሆነ ጠይቂያት። በሰው አገር ስትኖሪ የአገርሽ ንግግር ጠፍቶብሽ ይሆናል፤ አንቺን መውቀሴ አይደለም።

ሂሳዮ አሁንም እየጠበቀች ነው።

ፉሳኤ


ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 9

አክስቴ፤

እዚህ አበባው ፈክቷል መሰለኝ፤ መጋረጃውን አልከፈትኩም። ጤናዎ እንዴት ነው?

ለእማዬ ደውዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? ፉሳኤ ስለ ጡረታው፣ ስለ ምድር ቤቱ፣ ስለ ነርሷ ጽፋልሽ ካበቃች በኋላ 'ግድ የለም' ማለት 'በሞቴ ጻፊለት' ማለት ነው እንጂ!» አለችኝ። ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና አስነበበችኝ። «ስትዳር፣ ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ ወይ ብዬ ብቻዋን ጠይቄያት ነበር» አለች በመጨረሻ፣ «ያኔም ግድ የለም ነበር ያለችኝ። የትኛው ግድ የለም እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።»

ለካዙማሳ ደወልኩለት። ተቆጣ። «ታዲያ ያ ሁሉ የጻፍሽው ውሸት ነው? የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!» አለኝ። በኖቬምበር መጀመሪያ ይመጣል፤ ራሱ ይጠይቅዎታል። አክስቴ፣ እባክዎ፣ ሲጠይቅዎ በግልጽ ይንገሩት። የማረፊያውን ክፍል አስመልሼ ባገኘው በወደድኩ፤ ሌላ ሰው ገብቶበታል አሉ።

እኔም ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት ስቆም አንዳንዴ... ስለሱ ሌላ ጊዜ።

ናጊሳ


ኪታኒ፣ ኖቬምበር 14

ናጊሳ፤

ስለ ወቅቱ የምጽፈው የለኝም፤ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ካዙማሳ ቅዳሜ መጣ። ከረሜላ አልያዘም። ጫማውን አውልቆ ገባና እናቱ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ። ሻይ አቀረብኩለት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ናጊሳ ነግራኛለች። አንብቤ የማውቀው ሌላ ነው፣ የምትለኝ ሌላ ነው፤ ግራ ገባኝ። ስለዚህ ከራስዎ አፍ ልስማ። እናቴን ልውሰዳት? ወይስ እዚሁ ትሁን?»

አፌን ከፈትኩ። የምመልሰው አልጠፋኝም። ማታ ማታ ሦስቱን መልካም ነገር ትቼ እሱን ስለማመድ ነበር የከረምኩት። «አዎ፣ ውሰዳቸው።» ይኼን ለማለት ምን ያስቸግራል? ከአፌ የወጣው ግን «ኧረ ግድ የለም» ነው። ፈገግታውም አብሮ ወጣ።

ካዙማሳ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት፤ ስኒውን አነሳ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሂሳዮ ክፍሉን ለሌላ ትሰጣለች፤ እኔ እዚህ እሳቸውን አነሳለሁ አስተኛለሁ፤ አንድ ቀን እሳቸው ይሄዳሉ፣ ከዚያ እዚያው አልጋ ላይ እኔ እተኛለሁ። እየሳቅኩ ነበር።

ያን ጊዜ እማማ ቶሜ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«የትኛው ግድ የለም ነው?»

«ምን አልሽ፣ እማዬ?» አለ ካዙማሳ።

«አንተ ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ። አንቺን ነው የምጠይቀው። የውሰዱልኝ ግድ የለም ነው ወይስ የተዉልኝ ግድ የለም?»

«እማማ፣ እኔ...»

«ጥርስሽን ሰብስቢና ንገሪኝ። የቼሪው አበባ ከረገፈ ወዲህ የሚያጥበኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ድሮ ውሃው እጅሽን ሲፈጅሽ ትሳደቢ ነበር። አንሶላ ስትቀይሪ ትራሴን ትወረውሪው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን አውቅ ነበር። አሁን የሚያጎርሰኝ አሻንጉሊት ነው። የትኛው ነው?»

ተነስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ። የሚፈላውን ውሃ አወረድኩ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። ከመስኮቱ ውጭ ካኪ የምንለው የፍራፍሬ ዛፍ ቅጠሉን ጨርሷል፤ ለወፎች ብለን ሳንለቅማት የተውናት አንዲት ፍሬ ጫፉ ላይ ቀርታለች። ስታምር አየኋትና በራሴ ተናደድኩ። በዚህ ሰዓት እንኳ መልካም ነገር እፈልጋለሁ! እንዲህ አድርገሽ ነው የሠራሽኝ፤ እኔም ራሴን እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ተመልሼ ገባሁ። ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ፣ «የውሰዱልኝ ነው» አልኩ።

ካዙማሳ ስኒውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ደክሞኛል» አልኩ። «ወገቤ ብቻ አይደለም። እማማን ጠልቼ አይደለም። ጠልቼ ያደርኩበትም ቀን አለ። ሂሳዮ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ፤ አዲሱ ዓመት ሳይገባ። ውሰዳቸው።»

እንዲያ አስጨንቀው ሲጠይቁኝ ሊያግዙኝ መስሎኝ ነበር። «ጎሽ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እማማ ቶሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጠይቀው ያገኙት መልስ የተመኙት አልነበረም። «ሰማሁ» አሉ ለግድግዳው። «ካዙማሳ፣ ነገ ጠዋት ተሸከመኝ።»

በማግስቱ ተሸክሟቸው ወጣ። እንደ ሕፃን ቀልለዋል። ብርድ ልብሳቸውን ላስተካክልላቸው ስል እጄን ገፉት። ደህና ሁኚም አላሉኝ። መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ እስኪጠፋ አጎንብሼ ቆየሁ፤ ከዚያ ገብቼ ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የሐዘን አትጠይቂኝ፤ ሁለቱም ነው ብትይኝም አልጣላሽም።

አንድ ነገር እወቂልኝ። የጻፍኩልሽ መልካም ነገር ሁሉ እውነት ነበር። ቀርከሃውም ጣፍጦን ነበር፣ ጣሪያውም ያምራል። መከራዬም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንቺም ትነቂበት ነበር፣ እኔም ይሰለቸኝ ነበር።

ፉሳኤ


ኦክላንድ፣ ዲሴምበር 10

ለምወድዎ አክስቴ፤

ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ያስቸገረዎ ሁሉ ከአሮጌው ዓመት ጋር ተጠራርጎ ይውጣ፤ አዲሱ ዓመት በአዲሱ ቤትዎ ይቀበልዎ።

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ። እኔ ምን ያህል እንደበደልኩዎ ገብቶኛል። ከእንግዲህ ለተማሪዎቼም «መልካሙን ብቻ» አልልም፤ «እውነቱንም» እላለሁ። እርስዎ አስተማሩኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው፣ የመጨረሻው። አንድ አሳታሚ ስለ የየዕለት ልምምዱ መጽሐፍ እንድጽፍ ጠይቆኛል። የእርስዎን ታሪክ መዝጊያው ላይ ላድርገው? ያችን «የውሰዱልኝ ነው» ያሉባትን ቅጽበት የሚያነብ ሰው ሁሉ ለራሱ መናገር ይለምዳል። ስም አይጠቀስም። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ብናስተካክል ብዬ አሰብኩ፤ እማማ ቶሜ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቦታ አንባቢን ያሳዝናል። እዚያ ላይ ፈገግ ብለው «ጎሽ፣ ልጄ» ቢሉዎትስ? እርስዎም እንደዚያ ጠብቀው ነበር። በልባቸውም ብለውት ይሆናል። ሰው ተስፋ ይፈልጋል።

ግድ የለም አይደል?

ናጊሳዎ


ሃጊ፣ ጃንዋሪ 22

ለናጊሳ፤

ባሕሩ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ሆኗል፤ ነፋሱ በር አላስከፍት ብሏል። በደህና ያክርምሽ።

ከአዲሱ ዓመት በፊት ደርሻለሁ። ልንገርሽ እንግዲህ። ሱቁ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ልብሴም ፀጉሬም እንደዚያው። ሂሳዮ ታንኮራፋለች፣ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ባሕር ያሳያል የተባለው መስኮት አንገትሽን ካላጣመምሽ የሚያሳየው የጎረቤትን የውሃ ጋን ነው። ይህን ስነግራት «አንገትሽን አጣምሚያ፣ ምን ሥራ አለሽ!» አለችኝ። የቀቀልኩት ነጭ ራዲሽ ሁለተኛው ቀን ላይ ገና ሳይረፍድ አለቀ። ጠዋት ከመክፈታችን በፊት ዓሣ ሻጮቹ ሬዲዮ ከፍተው እጅና እግራቸውን ሲያፍታቱ አብሬያቸው እቆማለሁ። ለወገቤ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

እማማ ቶሜ ጋ ደወልኩ። ካዙማሳ «ተኝታለች» አለኝ። ከኋላው እማማ የሚስቱን ሾርባ ሲያሙ ይሰማኛል። ከሳምንት በኋላም ደወልኩ፤ ተኝተዋል። አሁንም እደውላለሁ። ደስ ብሎሻል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ገና ነው። ጠዋት ስነቃ የሚጠራኝ ድምፅ እየጠበቅኩ ተጋድሜ እቆያለሁ፤ ከዚያ የት እንዳለሁ ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ እፎይ እላለሁ፣ አንዳንዴ ያስፈራኛል።

በኦክቶበር ስለ መስታወቱ ጀምረሽ የተውሽው ነገር አለ። እሱን ጻፊልኝ። መልካም ባይሆንም ጻፊልኝ፤ ሂሳዮ ስታንኮራፋ የማነበው አገኛለሁ።

ስለ መጽሐፉ፣ አይሆንም። ግድ የለም እንደማለት አድርገሽ እንዳታነቢው፤ አይሆንም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እማማ ቶሜ ጎሽ አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ አንቺ በወረቀት መልሰሽ አታዙሪያቸው።

አክስትሽ ፉሳኤ